አዲስ አሽከርካሪና የመንጃ ፈቃድ ትርጉም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ አዲስ አሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ የሚያገኝበትን ሥርዓት የሚመለከት ነው። ጉዳዩ የትራፊክ ፖሊስና የማሠልጠኛ ተቋማት እንጂ የመሐንዲስ የማይመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ መንገዱን የምንነድፈው፣ ኩርባውን የምንለካው፣ የቁልቁለቱን መጠን የምንወስነው እኛው ነን። በነደፍነው መንገድ ላይ የሚሄደውን ሰው ችሎታ ግን አስቀድሞ የተረጋገጠ ነገር አድርገን እናልፈዋለን። በንድፍ መመሪያዎቻችን ውስጥ አሽከርካሪ ማለት አደጋ ባየ በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ነው። ይህ ሰው እንዴት ያለ ትምህርት እንደ ተማረና ማን ፈትኖ እንዳሳለፈው አንጠይቅም። ዛሬ ይህን ጥያቄ ለማንሣት እወዳለሁ።

በመጀመሪያ የጉዳዩን ክብደት ላመልክት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ለሚገኙ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ከሟቾቹም ከመቶ 92ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት መካከል አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እንግዲህ የመንጃ ፈቃድ ነገር ከፈቃድ ጠያቂው ይልቅ የሚመለከተው መሪ ጨብጦ የማያውቀውን፣ መንገድ ለመሻገር ዳር ላይ የቆመውን ሰው ነው።

ፈቃድና ፈተና ሁልጊዜ አብረው የኖሩ አይደሉም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1903 የወጣው የሞተር መኪና ሕግ ማንኛውም አሽከርካሪ ፈቃድ እንዲይዝ ሲያዝዝ ፈተና ግን አልጠየቀም። ገንዘቡን የከፈለና ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ወረቀቱን ይቀበል ነበር። ፈተናው ግዴታ የሆነው በ1935 ነው። በጽሑፍ የሚሰጠው የተለየ ፈተና በ1996 ተጨመረ። አሽከርካሪው በመንገድ ላይ ሊደርስ ያለውን አደጋ ቀድሞ መገንዘብ መቻሉን የሚመዝነው ፈተና ደግሞ የመጣው በ2002 ነው። ፈቃድ በተጀመረ በ99 ዓመቱ ማለት ነው። ይህ ቅደም ተከተል የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ለመፈተን ቀላሉ እጅና እግር ሲሆን፣ ለመፈተን አስቸጋሪውና በመጨረሻ የሚታሰበው ግን ማስተዋል ነው።

በአገራችን ሕጉ ለፈቃዱ የሰጠው ስም ትልቅ ነው። አዋጅ ቁጥር 1074/2010 «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ይለዋል። ታዲያ የትኛው ብቃት ነው የሚረጋገጠው? በተከለለ ሜዳ ላይ በተተከሉ ምሰሶዎች መካከል መኪናን ወደ ኋላ ማስገባት፣ ፍሪሲዮንን ከነዳጅ ጋር አስማምቶ መነሣት፣ የመንገድ ምልክቶችን ስም ማወቅ ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ምሰሶ ቆሞ ይጠብቃል። ሕፃን ልጅ ግን ከቆመ ታክሲ ኋላ ድንገት ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀውን ስሌት በአጭሩ ላቅርብ። ለአሽከርካሪው አድልቼ፣ የንድፍ መመሪያውን 2.5 ሰከንድ ትቼ፣ በ1.5 ሰከንድ ፍሬን ይይዛል እንበል። መንገዱ ደረቅ፣ ጎማው ጤነኛ፣ የሰበቃው መጠን 0.7 ይሁን። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ድረስ 21 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከዚያ በኋላ በ14 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በድምሩ 35 ሜትር ነው። አሁን ልጁ በ35 ሜትር ርቀት ላይ ብቅ አለ እንበል። በ50 የሚሄደው መኪና እፊቱ ደርሶ ይቆማል። በ60 የሚሄደውስ? በውሳኔው ጊዜ ብቻ 25 ሜትር ይጨርሳል። ለፍሬን የሚቀረው 10 ሜትር ነው። ልጁ ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱ ገና በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ በሁለቱ አሽከርካሪዎች መካከል ያለው ልዩነት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አንደኛው ደንግጦ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሁለተኛው ሰው ይገድላል፤ ወይም አካለ ጎደሎ ያደርጋል። ይህን የማያውቅ ሰው 60ን «ከ50 ትንሽ ከፍ ያለ» አድርጎ ያስባል። የመኪና ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ልክ እንደሚያድግ ዐይን አይነግረውም፤ ትምህርት ብቻ ነው የሚነግረው። ዝናብ ዘንቦ ሰበቃው ወደ 0.4 ሲወርድ ደግሞ በ50 የሚሄደውም ለመቆም 45 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል።

ከስሌቱ ሌላ የዐይን ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት የአዲስና የነባር አሽከርካሪዎችን አመለካከት አወዳድሮ ነበር። አዲሱ አሽከርካሪ ዐይኑን ከመኪናው አፍንጫ ብዙ ሳያርቅ ቅርቡን ሲመለከት፣ ነባሩ ግን ራቅ አድርጎ ያይ ነበር። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም። አዲሱ ሰው ሐሳቡ በመሪውና በማርሹ ስለ ተያዘ ለሩቁ የሚተርፈው የለም። እጁና እግሩ ያለ ሐሳብ መሥራት ሲጀምሩ ነው ዐይኑ ነጻ የሚወጣው። ይህም በፈተና ቀን የሚገኝ ሳይሆን በልምምድ ብዛት የሚመጣ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የአገራችንን መልክዐ ምድር ይመለከታል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የነበረን ያንኑ መኪና 70 ጊዜ ያህል ፈጽሞ ለማቆም ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ነው። ክብደቱ ከስሌቱ ስለሚወጣ፣ ይህ ለትንሽ አውቶሞቢልም ሆነ ለከባድ ጭነት መኪና ያው ነው። ያን ሁሉ ጉልበት ፍሬን ብቻውን ይሸከም ከተባለ ይግላል፤ ሲግል ሰበቃው ይደክማል፤ ዘይቱ ከፈላም እግር የሚረግጠው ባዶ ይሆናል። መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ ነው። የድሮ ሹፌሮች ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ ይላሉ። በሜዳ ላይ ተምሮ በሜዳ ላይ የተፈተነ ሰው ግን ይህን የሚማረው በገደሉ አፋፍ ላይ ነው።

የድሮዎቹን ሹፌሮች ካነሣሁ ዘንድ፣ ረዳት ስለሚባለው የሥራ ባልደረባ ጥቂት ልበል። ረዳቱ ጎማ ይፈታል፤ ዳገት ላይ ታኮ ይዞ ይወርዳል፤ መኪናውን ያጥባል፤ ሌሊቱን ከጭነቱ ጋር ያድራል። ይህን ሲያደርግ ዓመታት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገዱን ያያል። መጀመሪያ በግቢ ውስጥ መኪና እንዲያንቀሳቅስ ይፈቀድለታል፤ ቀጥሎ ባዶውን መኪና፣ በመጨረሻ የተጫነውን ይይዛል። ይህ ሥርዓት ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ የሹፌሩንም መጥፎ ልማድ አብሮ ያወርሳል። ነገር ግን አንድ ትልቅ እውነት ይዟል፤ ኀላፊነት በደረጃ እንጂ በአንድ ቀን አይሰጥም።

ይህንኑ እውነት ሌሎች አገሮች በሕግ አጽንተውታል። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ፈቃድን በሦስት ደረጃ ከፈለች። በመጀመሪያው ለማጁ ከነባር አሽከርካሪ ጋር ብቻ ይነዳል። በሁለተኛው ብቻውን መንዳት ይችላል፤ ሆኖም በሌሊት እንዳይነዳና ሰው እንዳይጭን ገደብ ይደረግበታል። ሙሉ ፈቃድ የሚሰጠው በሦስተኛው ነው። የካናዳዋ ኦንታሪዮ በ1994፣ የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ በ1996 ተመሳሳይ ሥርዓት አቁመዋል።

ይህ አሠራር ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። አርማታ በፈሰሰ ማግስት ደርቆ ይታያል፤ ሰው ቢቆምበትም ይሸከማል። እኛ ግን ሙሉ ጭነት አናሳርፍበትም። በ7ኛው ቀን እንፈትነዋለን፣ በ28ኛው ቀን እንፈትነዋለን፤ ድጋፉንም በየተራ እናነሣለን። ለአርማታ የምናሳየውን ትዕግሥት ለሰው ልጅ የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

በመሆኑም ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የማቆሚያ ርቀት በቃል የሚሸመደድ ሳይሆን ለማጁ በሜዳ ላይ በሜትር እየለካ የሚማረውና የሚፈተንበት ነገር ይሁን። ሁለተኛ፣ እውነተኛ ቁልቁለትና እውነተኛ የከተማ መንገድ ከአሠልጣኝ ጋር ሳይነዳ ማንም ለፈተና አይቅረብ። ሦስተኛ፣ ከፈተናው በኋላ ያለው የመጀመሪያ ጊዜ በሌሊት ጉዞና በተሳፋሪ ቁጥር ላይ ገደብ ያለበት የሙከራ ጊዜ ይሁን።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለብዙ ወጣት መንጃ ፈቃድ እንጀራ ነው፤ ጊዜውን ማስረዘም ወጪውን ይጨምርበታል የሚሉ አሉ። ተቃውሞው እውነት አለበት፤ ስለዚህ ገደቡ የቀን ሥራን የሚከለክል መሆን የለበትም። ነገር ግን ያ ወጣት ሰው ገድሎ ወኅኒ ቢወርድ እንጀራውም አብሮት ይወርዳል። ሌላው ተቃውሞ ወረቀት በገንዘብ በሚገኝበት ቦታ ደረጃ ማብዛት ምን ይጠቅማል የሚል ነው። መልሴ አጭር ነው፤ የውሸት የአርማታ ፈተና ውጤት ሕንፃ እንደሚያፈርስ ስለምናውቅ ፈተናውን አልተውንም፤ ቁጥጥሩን ነው ያጠበቅነው።

የመንጃ ፈቃድ የመንግሥት ስጦታ አይደለም፤ የትምህርት ፍጻሜም አይደለም። መንገድ ዳር የቆመው እግረኛ ለማያውቀው ሰው የሚሰጠው እምነት ነው። ማኅበራችን ይህን እምነት የሚመጥን ሥርዓት እንዲዘረጋ በሙያው ቢያግዝ፣ ከምንሠራቸው ድልድዮች የማያንስ አገልግሎት ይሆናል።