ተራ መኪና በተዘጋ ሜዳ
በአነስተኛ ወጪ መኪናንና ሹፌርን ስለ መፈተን፤ ለማኅበራችን አባላት በጉለሌ የተደረገ ንግግር



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል። ይኸውም በርካሽ የተገዛች፣ ተጨማሪ ጌጥም ሆነ ልዩ መሣሪያ የሌላት ተራ መኪና፣ ለሌላ ተሽከርካሪና ለእግረኛ በተዘጋ ሜዳ ላይ እስከ ዐቅሟ ዳርቻ ድረስ ስለ መንዳት ነው። አንዲት አሮጌ መኪና የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ቁጠባ በሆነችበት አገር ይህን ማንሣት ምን ይረባል ተብሎ ቢጠየቅ የሚያስደንቅ አይሆንም። እኔ ግን ነገሩ በአግባቡ ከተያዘ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ ቁጠባ፣ ከቁጠባም አልፎ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን በሙያችን ቋንቋ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በሌሎች አገሮች ልማዱ የቆየ ነው። በጀርመን የሚገኘው የኑርቡርግሪንግ ትራክ እ.ኤ.አ. በ1927 ከተከፈተ ጀምሮ ተራው ዜጋ እየከፈለ የገዛ መኪናውን የሚነዳበት ስፍራ ሆኖ ኖሯል። በጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ለቶዮታ ቪትዝ ብቻ የተወሰነ ውድድር ተጀመረ። መኪኖቹ የሰሌዳ ቁጥራቸውን እንደ ያዙ ስለሚወዳደሩ፣ ባለቤቱ ከቤቱ እየነዳ መጥቶ፣ ተወዳድሮ፣ እየነዳ ሊመለስ ይችል ነበር። ይህች ቪትዝ ሌላ አይደለችም፤ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በየደቂቃው የምናገኛት፣ ከፊት ዲስክ ከኋላ ታምቡር ፍሬን ያላት፣ ባለ 1 ሊትር ሞተር ትንሽ መኪና ናት። ስለዚህ “በእንዲህ ያለች መኪና ምን ይሠራበታል?” የሚለው ጥያቄ በሌላ አገር መልስ ካገኘ ቆይቷል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ጉለሌ የእሽቅድምድም ትራክ የለውም፤ ጋራ ግን አለው። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ፣ እንዲሁም ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ሰንሰለት በማቋረጥ ወደ ሱሉልታ የሚዘልቀው የጎጃም መንገድ፣ ሁለቱም ለማንኛውም ፍሬን ከባድ ፈተና ናቸው። ነገር ግን በነዚሁ መንገዶች ዳርና ዳር ተማሪው ይጓዛል፤ አትሌቱ ይሮጣል፤ አህያ ሸክም ይዛ ትወርዳለች፤ ምእመኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ስለዚህ መንገዱ በየቀኑ ፈተና ይሰጠናል እንጂ የመለማመጃ ስፍራ ሊሆነን ከቶ አይችልም። ሹፌሮቻችን ትምህርቱን ሳያገኙ ለፈተና ይቀርባሉ ማለት ነው።

የፈተናው ክብደት ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት እንመልከት። ሹፌሯን ጨምሮ 1,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የያዘችው የእንቅስቃሴ ጉልበት 139 ኪሎ ጁል ያህል ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ግን 386 ኪሎ ጁል ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ እንኳ ሳይሆን ጉልበቱ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ። ፍሬን ይህን ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ይህችው መኪና ሽቅብ የወጣችውን 100 ሜትር ከፍታ መልሳ ስትወርድ ደግሞ 981 ኪሎ ጁል ትለቃለች፤ ይህም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ሁለት ጊዜ ተኩል ፈጽሞ ከማቆም ጋር ይስተካከላል። ከእንጦጦ አናት እስከ ስድስት ኪሎ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ400 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ የአየርና የጎማ መቋቋም የሚወስዱትን ድርሻ ካልቀነስን፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር፣ ምንም እንኳ በረዘመ ጊዜ ውስጥ ቢሆን፣ ከዐሥር ጊዜ በላይ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያቆመ ያህል ሙቀት በፍሬኑ ላይ ይጭናል። በከባድ ማርሽ የሚወርደው ግን ከዚህ ሸክም ብዙውን ለሞተሩ ያካፍለዋል።

የከተማችን ከፍታም ሁለት ነገር ያደርጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ በፋብሪካ 70 የፈረስ ጉልበት የተባለለት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ 52 ገደማ ይቀረዋል። ሹፌሮች መኪናቸው ዳገት አልወጣ ስትል የሚያማርሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነው፤ ይኸው ስስ አየር ፍሬንንና ራዲያተርን የማቀዝቀዝ ዐቅሙም ያነሰ ነው። ከፍታው የሞተሩን ጉልበት ሲቀንስ የመኪናዋን ክብደት ግን አልቀነሰም። ስለዚህ በእኛ አገር የሚጎድለን ጉልበት ቢመስለንም፣ ከሁሉ በፊት ልንጠነቀቅለት የሚገባው የማቆም ዐቅም ነው።

ከዚህ በመነሣት ገንዘቡ ያነሰ ሰው በምን ቅደም ተከተል ወጪ ማድረግ እንዳለበት መናገር ይቻላል።

በመጀመሪያ የፍሬን ዘይት። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። ዶት 3 የተባለው ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ ውሃ ከመጠጠ በኋላ ግን የሚፈለግበት ዝቅተኛ ወሰን 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ደግሞ አዲሱ 230፣ ውሃ የመጠጠው 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት እንደ ፈሳሽ አይደለምና ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናዋ ግን አትቆምም። ይህን አደጋ የሚያስወግደው አዲስ ዘይት ከአንድ ጎማ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የፍሬን ሸራ፣ ዲስክና ታምቡር ይመረመራሉ። በሦስተኛ ደረጃ ጎማ። መኪናዋ መሬትን የምትነካው እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ በሚያህሉ አራት ስፍራዎች ብቻ ነው። የጎማው ጥርስ ያላለቀ መሆኑ አይበቃም፤ ዕድሜውም መታየት አለበት። በጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ የሚገኙት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 3519 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በመጨረሻ የቸርኬ ቡሎኖች በልካቸው መጥበቃቸው፣ የሞተር ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት መሙላቱ፣ ኩሽኔታና አሞርዛተር ደኅና መሆናቸው ይረጋገጣል። ዘይቱ መሙላት አለበት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መኪናዋ ኩርባን በኀይል ስትዞር ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ፣ ጎዶሎ ከሆነ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል።

የሞተርን ጉልበት ለመጨመር ተብለው የሚሸጡት ዕቃዎች፣ ድምፅ የሚያጎሉት ማርሚታዎች፣ የኋላ ክንፎችና ሰፋፊ ቸርኬዎች በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስፍራ የላቸውም። ክብደት ለመቀነስ ለሚሻ ሰውም አንዳች ወጪ አያስፈልገውም፤ የዕቃ መጫኛውን ባዶ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። በመኪናዋ ውስጥ የሚንከባለል ጠርሙስ ወይም መፍቻ መቅረት የለበትም፤ ከሹፌሩ እግር ሥር ቢገባ ፍሬኑን ሊያግድ ይችላልና።

ከዕቃው ሁሉ ይልቅ መስተካከል ያለበት ሹፌሩ ራሱ ነው። በየዕለቱ የሚነዳ ሰው እንኳ ፍሬኑን በሙሉ ኀይሉ ረግጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጠው ሕፃን ልጅ ፊቱ ዘልሎ የገባ ዕለት ይሆናል። በደረቅና በደኅና አስፋልት ላይ መልካም ጎማ ያላት መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም 8 ሜትር ገደማ ይበቃታል፤ በ60 ሲሆን 18 ሜትር፣ በ80 ሲሆን 31 ሜትር ያህል ያስፈልጋታል። ሹፌሩ አይቶ እግሩን እስኪያነሣ አንድ ሴኮንድ ቢወስድበት በ60 ፍጥነት ሌላ 17 ሜትር ይጨመራል። እነዚህን ቁጥሮች ከመጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ምልክት በተደረገበት ሜዳ ላይ በራስ እግር ለክቶ ማየት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። የጎማን መቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ በሌላት መኪና ላይ ደግሞ የፊት ጎማዎች ከተቆለፉ መሪው ቢዞርም መኪናዋ እንደማትታዘዝ፣ ፍሬኑን ጥቂት ለቀቅ ሲያደርጉላት ግን እንደምትመለስ የሚታወቀው በልምምድ ብቻ ነው። ጉልበቷ ያነሰ ተራ መኪና ለዚህ ከሁሉ የተሻለች አስተማሪ ናት፤ የሹፌሩን ስሕተት በዝቅተኛ ፍጥነት ታሳየዋለች፤ በጉልበትም አትሸፍንለትም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ስፍራ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የሚወጣበት ትራክ አይደለም። ግንብም ሆነ የመብራት ምሰሶ በአጠገቡ የሌለ፣ የተስተካከለ የአስፋልት ወይም የኮንክሪት ሜዳ፣ የፕላስቲክ ኮኖች፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ ርዳታ የሚሰጥ ባለሙያ፣ የራስ ቁርና የባለ ሥልጣን ፈቃድ ይበቃሉ። መኪኖች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ተመልካች ከአጥር ውጭ ይቆማል፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ፍሬን ሳይነካ አንድ ዙር በዝግታ ተነድቶ ሙቀቱ ይበርዳል። የቆመችው መኪና የእጅ ፍሬን አይያዝባትም፤ የጋለው ታምቡር ሸራውን ሊይዘው ስለሚችል ማርሽ ውስጥ ገብታ ከጎማዋ ሥር ታኮ ይደረግላታል። ከሁሉ በፊት የመድን ውልን ማንበብ ይገባል፤ የተለመደው ውል እሽቅድምድምንና የፍጥነት ሙከራን አይሸፍንምና።

ውድድር ቢጨመርበት ደግሞ ወጪው እንዳይንር መላ አለ። በስዊድን “ፎልክሬስ” በሚባለው የተራ መኪኖች ውድድር ማንኛውም ተሳታፊ መኪናውን አስቀድሞ በተወሰነ አነስተኛ ዋጋ ለጠየቀው ሰው የመሸጥ ግዴታ አለበት። በመኪናው ላይ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው በዚያው ዋጋ ሊነጠቅ ስለሚችል ማንም ከመጠን በላይ አያወጣም። ባለጸጋው በገንዘቡ እንዳያሸንፍ የተበጀ፣ ተቆጣጣሪ የማያስፈልገው ብልህ ደንብ ነው። በእኛ አገር ግን መኪና ጥሪት ስለሆነች፣ እንደ እኔ አስተያየት መሸጡን ትተን ሐሳቡን ብቻ ልንወስድ ይገባል፤ ይኸውም አንድ ዓይነት ተራ ጎማና ያልተነካካ ሞተር ብቻ እንዲፈቀድ ማድረግ ነው።

መኪና ጥሪት ናት ማለቴ በከንቱ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን ጠብቆ ማቆየት የቀድሞውን ያህል ቀላል ጉዳይ አይደለም። በምትካቸው የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከፍሬን ትምህርት ነጻ አያወጡንም። በባትሪያቸው ምክንያት ብዙውን ጊዜ በመጠን ከሚመስሏቸው ይልቅ ይከብዳሉ፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ጉልበቱን መልሰው ወደ ባትሪ ቢያስገቡም፣ ባትሪው አስቀድሞ ሞልቶ ከሆነ ይህ ርዳታ ይቀንሳል ወይም ይቀራል። ጋራው ላይ ኃይል ሞልቶ ቁልቁል የሚነሣ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሌሊት መንገዱ ሲለቀቅ በሕዝብ ጎዳና ላይ የሚሽቀዳደመውን ወጣት መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን “እዚህ አትንዳ” ስንለው “የት ልንዳ?” ብሎ ቢጠይቀን የምናሳየው ስፍራ የለንም። ስፍራውን ማጥናት፣ ሜዳውን መለካት፣ የማቆሚያውን ርቀት ማስላት፣ የደኅንነቱን ደንብ መጻፍና መኪኖችን መመርመር የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ከእኛ የተሻለ ሊሠራው የሚችል ወገን አለ ብዬ አላምንም። በዓመት ጥቂት ቀናት አንድ ሜዳ ተፈቅዶልን፣ የታክሲ ሹፌሩም ሆነ ተማሪው አዲስ የፍሬን ዘይት በሞላባት ተራ መኪናው መጥቶ ቢለማመድ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርደው ሹፌር የመኪናውን ወሰን አስቀድሞ ያወቀ ይሆናል። ዳር ይዞ የሚሄደው እግረኛም በዚያ መጠን ከአደጋ ይርቃል።