ስለ ጓሳ የክረምት ጠባቂ



በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ወለል ከ3200 ሜትር በላይ፣ ጓሳ የሚባል የሣር ምድር አለ፡፡ በዚያም የአገሩ ሰው የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ ቤት ይገኛል፡፡ በሐምሌና በነሐሴ ጉምና ዝናብ ሲበረታ እንግዳ ይርቃል፤ ጠባቂው ግን ክዳኑ እንዳያፈስ፣ ግድግዳው እንዳይርስ ይተጋል፡፡

ጥበቃ ለመንዝ እንግዳ ሥራ አይደለም፡፡ ቀድሞ በቄሮ ሥርዓት ጓሳው ለዓመታት እየተዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨድ ነበር፡፡ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቀረ፤ ሣሩም ተጎዳ፡፡ ኋላ ሕዝቡ መክሮ ጥበቃውን መለሰ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም መጠጊያ አላጡም፡፡

እንግዲህ ለልጆች ይህን አስተምሩ፤ የጋራ ሀብት የሚጠፋው በሌባ ብቻ አይደለም፤ ጠባቂ በማጣትም ነው፡፡