የቀን መቍጠሪያና የሥራ ዐቅም

የዛሬው ንግግራችን ለሥራ ቀን ከመቍረጥ አስቀድሞ ሠራተኞቹ በየትኛው ቀን እንደሚገኙ ስለ ማወቅ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ባለጕዳይ «በዚህ ቀን ይደርስልሃል» ተብሎ ከሩቅ አገር ሲመጣ «ሠራተኛው ፈቃድ ላይ ነው» የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ከስንፍና የተነሣ ሳይሆን ቀጠሮው ሲሰጥ የቀን መቍጠሪያውን ያየ ሰው ስላልነበረ ነው።

እስቲ ስድስት ሠራተኞች ያሉትን አንድ ክፍል እናስብ። በወሩ ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት ቀኖች 22 ቢሆኑ፣ ኀላፊው ስድስቱን በ22 አባዝቶ 132 የሥራ ቀን አለኝ ይላል፤ በዚያው ልክም ቃል ይገባል። ይሁን እንጂ በወሩ አንድ የሕዝብ በዓል ቢውል ከያንዳንዳቸው አንድ ቀን ይወስዳልና 126 ይቀራል። አንዱ የ16 ቀን የዓመት ፈቃዱን ቢወጣ፣ ሌላው ለአምስት ቀን ሥልጠና ቢላክ 105 ላይ ይወርዳል። ከዚህም ለስብሰባ፣ ለደብዳቤና ለድንገተኛ ጕዳይ አንድ አምስተኛውን ብናነሣ የሚተርፈው 84 ብቻ ነው። ታዲያ የጐደለውን 48 ቀን ማን ይሠራዋል? የሚሸከመው «እምቢ» ማለት የማያውቀው ያ አንዱ ትጉህ ሠራተኛ ነው፤ እርሱ የታመመ ዕለትም ሥራው ሁሉ ይቆማል።

16ቱን ቀን ያነሣነው በዘፈቀደ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ለምትወልድ ሠራተኛም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይፈቅዳል። እንዲህ ያለው ዕረፍት ከወራት በፊት የሚታወቅ ስለሆነ «በድንገት ደረሰብን» የሚያሰኝ አይደለም።

ስለ በዓላት ግን ጥቂት ማስተዋል ያስፈልጋል። ዐድዋ የካቲት 23፣ የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23፣ የአርበኞች ድል ሚያዝያ 27 ላይ የቆሙ ናቸው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ ይዘዋወራል፤ ስለዚህ ሚያዝያ በአንዳንድ ዓመት እጅግ የጠበበ ወር ይሆናል። ዒድ አልፈጥርና ዐረፋ በጨረቃ ስለሚቈጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ይላሉ፤ ቁርጡ እስኪታወቅም ጐን ለጐን ያሉትን ሁለት ቀኖች በእርሳስ ማመልከት ይበጃል። በስልክ የቀን መቍጠሪያ የሚጠቀምም ይጠንቀቅ፤ እንቍጣጣሽን «በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ይደገም» ብሎ ቢያዝ፣ ጳጕሜን ስድስት ስትሆን በዓሉ ሴፕቴምበር 12 ስለሚውል በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይሳሳታል።

የቀን መቍጠሪያው በግድግዳ ቢሰቀል ወይም በስልክ ቢያዝ ልዩነት የለውም፤ ዋናው ነገር ሁሉም በአንዱ ላይ መጻፋቸው ነው። ኀላፊውም የራሱን ጕዞ ይጻፍ፤ ብዙ ወረቀት ፊርማ አጥቶ የሚከርመው እርሱ ሳይናገር ሲሄድ ነውና። ምክንያቱን መዘርዘር ግን አያስፈልግም፤ «አልኖርም» የሚለው ቃል ለሒሳቡ ይበቃል፤ ሕመምና የቤት ችግር በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር አይደለም።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የሒሳብና የግዢ ሥራ በሰኔ ይከመራል። ስለዚህ የፈቃዱ ድልድል በሐምሌ መጀመሪያ ቢወጣ፣ ከሚያዝያ በኋላም ያልተወሰደው ተቈጥሮ ሠራተኛው ቀኑን እንዲመርጥ ቢደረግ፣ ሰኔ ሲደርስ ማን በጠረጴዛው ላይ እንደሚገኝ አስቀድሞ ይታወቃል።