ስለ አረጋውያን መውደቅና ስለ ፍርሃቱ
(ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ እኔ ግን ዛሬ ገና በእግራቸው ስላሉት አረጋውያን ላነሳ ነው።

ጎንደር፣ እንደምታውቋት፣ ዳገትና ቁልቁለት ናት። አንዲት እናት ዝናብ የመታው ድንጋይ ላይ አዳለጣቸው እንበል። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ልባቸው ግን ደነገጠ። ከዚያ ወዲያ መሳለም ቀረ፣ ገበያ ቀረ፣ ለቅሶ መድረስም ቀረ። ልጆችም ከፍቅር የተነሣ «እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ እናመጣለን» ይላሉ። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያልሠራ ጭን ይሰልላል፤ ሚዛን ይጠፋል፤ አንድ ሌሊት ወደ ደጅ ሲወጡ ይወድቁና ያኔ ዳሌ ይሰበራል። ፍርሃቱ ራሱ ጣላቸው ማለት አይደለም ወይ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። ይኸ ለኛ አዲስ ዕቃ የሚያስገዛ ነገር አይደለም። ሰው አጠገባቸው ቆሞ፣ ግድግዳ ይዘው በአንድ እግር መቆም፤ ከወንበር ላይ ብድግ ቁጭ ማለት፤ በቃ። ምርኩዝም አያሳፍርም። ደብተሮቻችን ማኅሌቱን ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙት በመቋሚያ ተደግፈው አይደለም እንዴ!

ሲነሡ የሚያዞራቸው፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው ካሉ ግን ሐኪም ይያቸው፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ያዞራል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ነውና ምክር ከቅርባችን ይገኛል።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ለቅሶ ስንነሣ አረጋውያኑን ቤት ትተን አንሂድ፤ ጎረቤት የሆነ ወጣት ክንዱን ሰጥቶ በዝግታ ያምጣቸው። ዘግይተው ቢደርሱ ማንም አይቀጣቸውም።