ሙቅ ውሃ ስለ ምን ይዘገያል?

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ መስሎ የሚታይ፤ ነገር ግን ቤቱን አድሶ የጨረሰ ብዙ ሰው ጠዋት ጠዋት የሚያማርርበት ጉዳይ ነው። ይኸውም ቤት ከታደሰ በኋላ ሙቁ ውሃ መድከሙ ወይም መዘግየቱ ነው። ግድግዳው አዲስ ሴራሚክ ለብሶ፤ የእጅ መታጠቢያው ተለውጦ፤ የቀለሙ ሽታ ገና ሳይለቅ፤ ባለቤቱ የሙቁን ውሃ እጀታ ሲያዞር እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ይወርድለታል። ወይም ደግሞ ውሃው በደንብ እየፈሰሰ ሙቀቱ ግን የሥራ መግቢያ ሰዓት እስኪቃረብ አይመጣም።

አዲስ አበባ ራስዋ በሙቅ ውሃ ምክንያት የተቈረቈረች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ከእንጦጦ እየወረዱ በፍል ውሃ ይታጠቡ ስለ ነበር ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ተመሠረተች። በዚያን ጊዜ ሰው ወደ ሙቁ ውሃ ይሄድ ነበር እንጂ ሙቁ ውሃ ወደ ሰው አይመጣም ነበር። ዛሬ ወደ ቤታችን የምናመጣው እኛ ስለ ሆንን የሚመጣበትን መንገድ ማወቅ ግድ ሆኖብናል።

እንዲህ ያለ ችግር የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወነጅለው ቦይለሩን ነው። «አርጅቷል፤ ይለወጥ» ይላል። ጎረቤትም ያጸናለታል፤ ሻጩማ ይልቁን ደስ እያለው ያጸናለታል። ለደመወዝተኛ ቀላል ያልሆነ ገንዘብ ወጥቶ አዲስ ቦይለር ይሰቀላል፤ ውሃው ግን እንደ ቀድሞው ክር ሆኖ ይወርዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቦይለር ውሃን ያሞቃል እንጂ አይገፋም። ሙቁን ውሃ የሚገፋው ከኋላው የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ አንድ ጣሳ ሲገባ አንድ ጣሳ ይወጣል፤ መንገዱ በየትም ቦታ ከጠበበ የሚወጣው ያንሳል። እድሳቱ ከመጀመሩ በፊት ደኅና ሲሠራ የነበረ ቦይለር እድሳቱ ባለቀ ማግሥት ቢደክም፤ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው እድሳቱ የነካው ቦታ ነው።

ከሁሉ በፊት «ደከመ» እና «ዘገየ» የሚሉትን ሁለት ቃላት መለየት ያስፈልጋል። የሚወርደው ውሃ መጠኑ ያነሰ እንደ ሆነ ደክሟል፤ መጠኑ ሳያንስ ሙቀቱ ብቻ ቆይቶ የሚመጣ እንደ ሆነ ዘግይቷል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ያብሰዋል። ለመለየት ባለ 5 ሊትር ጀሪካንና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ። መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ብቻ ከፍቶ ጀሪካኑ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ መቍጠር፤ ቀጥሎም ሙቁን ብቻ ከፍቶ እንዲሁ ማድረግ ነው። ሙቁ በጥቂቱ ቢያንስ የተለመደ ነው። ነገር ግን ቀዝቃዛው በ40 ሴኮንድ ሞልቶ ሙቁ 2 ደቂቃ የፈጀ እንደ ሆነ በሙቁ መንገድ ላይ የሚያግድ ነገር አለ ማለት ነው። ፈተናው በየቧንቧው ተደርጎ ቍጥሩ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ መዝገብ መያዝ ለመሥሪያ ቤት ብቻ የተፈጠረ አይደለም።

ሙቁ የደከመው በአንድ ቧንቧ ብቻ፤ ለምሳሌ በወጥ ቤቱ ብቻ እንደ ሆነ፤ ጥፋቱ የሚገኘው በዚያው አጠገብ ነው። ከመታጠቢያው ሥር ከግድግዳው የምትወጣውን ትንሽ መዝጊያ ሠራተኛው በግማሽ ብቻ ከፍቷት ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ከርስዋ ወደ ላይ የሚወጣው ተጣጣፊ ቱቦም ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቧንቧ ሙቁም ቀዝቃዛውም አብረው የደከሙ እንደ ሆነ በቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትቶ ማጠብ ነው። በቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሙቁ ሁሉ ከደከመ ግን ፍለጋው ወደ ቦይለሩ መግቢያና መውጫ ይዞራል፤ በዚያ ያሉት መዝጊያዎችና ሴፍቲ ቫልቭ የሚባለው ዕቃ ይታያሉ።

ብዙ ሰው የማያምነው ነገር ቢኖር የእድሳት ጉድፍ ይህን ያህል ጉዳት ማድረሱን ነው። ግድግዳው ሲፈርስ ቧንቧው አፉን ከፍቶ ይሰነብታል። የሲሚንቶ ፍርፋሪ፤ የሴራሚክ ድቃቂ፤ የፕላስቲክ ቧንቧ ሲቈረጥ የሚወድቀው ቅሪት፤ በብረት ቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ቃጫ ሳይቀር ወደ ውስጥ ይገባል። የቀድሞው ቧንቧ የብረት እንደ ሆነም ለዓመታት ተጣብቆ የኖረው ዝገት በመዶሻው ምት ይላቀቃል። ውሃው በተለቀቀ ጊዜ ይህ ሁሉ ተሰብስቦ የሚሄደው ወደ ጠባቡ ቦታ ነው። የድሮው ቧንቧ መዝጊያው ጐማ፤ መተላለፊያውም ሰፊ ስለ ነበረ ጉድፉን አሳልፎ ይተፋው ነበር። አሁን የሚገጠመው፤ ሙቁንና ቀዝቃዛውን በአንድ እጀታ የሚያቀላቅለው ሚክሰር ግን ውስጡ ጠባብ ስለ ሆነ የጤፍ ፍሬ ሳይሆን የሩዝ ፍሬ የምታህል ጉድፍ ትበቃዋለች። በሙቁ በኩል ያለው ቀዳዳ ሲደፈን ባለቤቱ ቦይለሩን ይረግማል። ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያስቀረው ሥራ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሚክሰሮቹ ከመገጠማቸው በፊት የቧንቧውን ጫፎች ከፍቶ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ በባልዲ መቀበል።

ከዚህ የከፋው ጥፋት በግድግዳው ውስጥ የተሰወረው ነው። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ የሚቀጠለው በ260 ዲግሪ በጋለ መሣሪያ ጫፉን አቅልጦ በማጣበቅ ነው። የውጭ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር ለሆነው 5 ሴኮንድ፤ 25 ሚሊሜትር ለሆነው 7 ሴኮንድ ያህል ማሞቅ ይበቃል። ሠራተኛው ከዚህ አብልጦ ቢያቆየው ወይም ከልኩ አሳልፎ ቢገፋው የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ቀለበት ይረጋል፤ ቀዳዳውንም ያጠበዋል። እንዲህ ያለው መጋጠሚያ ከውጭ ሲያዩት እንከን የለበትም፤ ውሃም አያፈስም። ሴራሚክ ከለበሰ በኋላ ግን እርሱን ፈልጎ ማግኘት ግድግዳን እንደ ገና ማፍረስ ነው።

የአዲስ አበባ ቤት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ውሃ በብዙ ሰፈር በፈረቃ ስለሚመጣ ሰው በጣራ ወይም በብረት ማማ ላይ ታንከር ያስቀምጣል። ከ10 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ውሃ ግፊቱ አንድ ባር ያህል ነው፤ ታንከሩ ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ግፊቱ የዚህ ሦስት አሥረኛ ይሆናል። ከአዳዲሶቹ ሚክሰሮችና ሻወሮች ብዙዎቹ ከዚህ ለሚበልጥ ግፊት የተሠሩ ስለ ሆኑ፤ በመደብሩ ውስጥ ሲያብረቀርቅ ያየነው ዕቃ በቤታችን ያንጠባጥባል። ይልቁንም ቀዝቃዛው ከመንገዱ መስመር በቀጥታ፤ ሙቁ ግን ከታንከሩ ተነሥቶ በቦይለሩ በኩል የሚመጣ እንደ ሆነ፤ ሁለቱ በሚክሰሩ ውስጥ ሲገናኙ ኃይለኛው ደካማውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የመንገዱ ውሃ በመጣ ቀን ሙቁ የሚጠፋበት ቤት ቢኖር ምክንያቱ ይኸው ነው። መፍትሔውም ቦይለር መለወጥ ሳይሆን ሁለቱን ከአንድ ታንከር ማምጣት ነው፤ ግፊቱ ካነሰም ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ ትንሽ ፓምፕ ከታንከሩ በታች ማቆም ይቻላል።

በታንከር በሚሠራ ቤት አየርም ያግዳል። ለእድሳቱ ሲባል ውሃው ሁሉ ተለቅቆ እንደ ገና ሲሞላ፤ ቧንቧው ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች በሚመለስበት ቦታ አየር ይታሰራል። እያንኰራፋና እየተቈራረጠ የሚወርድ ውሃ ምልክቱ ነው።

አሁን ወደ ዘገየው ውሃ እንመለስ። ሙቁ ከመድረሱ በፊት በቧንቧው ውስጥ ተኝቶ የቀዘቀዘው ውሃ ሁሉ መውጣት አለበት። ለሙቅ ውሃ የሚሆነው ወፍራሙ ፒፒአር ውጪው 25 ሚሊሜትር ሲሆን በአንድ ሜትር ርዝመት 0.22 ሊትር ያህል፤ 32 ሚሊሜትር ሲሆን ግን 0.35 ሊትር ያህል ይይዛል። ቦይለሩ ለውበት ተብሎ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጥቶ 15 ሜትር ርቆ ተሰቀለ እንበል። በቀጭኑ ቧንቧ 3 ሊትር ከሩብ ያህል፤ በወፍራሙ 5 ሊትር ከሩብ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አስቀድሞ ይወጣል። ቧንቧው በደቂቃ 3 ሊትር የሚሰጥ ቢሆን የመጀመሪያው ከአንድ ደቂቃ፤ ሁለተኛው ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ያስጠብቃል፤ የቧንቧው ግድግዳ ራሱ እስኪሞቅ የሚወስደው ሲጨመር ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። «ለወደፊቱም ይሁን፤ ሰፊውን ቧንቧ አድርግልኝ» ብሎ ያዘዘ ሰው መዘግየትን በገንዘቡ ገዝቷል ማለት ነው። ዋናውን መስመር ሰፋ፤ ወደ እያንዳንዱ መታጠቢያ የሚሄደውን ቅርንጫፍ ጠበብና አጠር ማድረግ የተሻለ ነው።

ነገሩ የትዕግሥት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ሊትር ቢፈስና በቀን አምስት ጊዜ ቢደጋገም 20 ሊትር፤ ማለት አንድ ጀሪካን ሙሉ ይሆናል፤ በዓመት 7,300 ሊትር ነው። ይህን ያህል ውሃ ፈረቃ በሚጠበቅበት ቤት ወደ ፍሳሽ መላክ ያሳዝናል። ቧንቧውን በሙቀት መከላከያ መሸፈን የሚጠቅመው ቀድሞ ለሚታጠበው ሳይሆን ተከትሎት ለሚገባው ነው። የወጥ ቤቱ ርቀት የማይቀነስ እንደ ሆነ በዚያው ትንሽ ማሞቂያ መስቀል ይቻላል። ሙቁን ውሃ ሳያቋርጥ የሚያዞረው ፓምፕ ግን በእኔ አስተያየት ለሆቴል እንጂ ለእኛ ቤት አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ መብራት እየበላ ግድግዳ ያሞቃል።

ሙቀቱ ዘገየ ብሎ የቦይለሩን መቈጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ማዞር ትርፍ የለውም፤ አደጋ ግን አለው። በ60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳማ ከዚያም ባነሰ ጊዜ። 50 ሊትር የሚይዝ፤ 1,500 ዋት የሆነ ቦይለር ውሃውን ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ይህ ጠባዩ እንጂ ሕመሙ አይደለም። ማንም ሰው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት መብራቱን ከማከፋፈያው ሣጥን ያጥፋ። ቦይለሩም ባዶ ሆኖ መብራት ቢለቀቅበት ማሞቂያው ይቃጠላልና፤ ውሃ ሞልቶ ከሙቁ ቧንቧ ሳይቈራረጥ መውረዱ ሳይታይ አይብራ። ሴፍቲ ቫልቩ ውሃ አንጠባጠበ ብሎ መድፈን ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ትርፉ የሚወጣው በዚያ ነው።

ቤቱን ገና ለማደስ የሚያስብ አድማጭ ከሁሉ የተሻለ ዕድል አለው፤ ግድግዳው አልተዘጋምና። ቧንቧው ከተዘረጋ በኋላ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስደግፎ በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ ያንሣ። የቧንቧ ሠራተኛውም ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለም። ቀን ቈጥሮ የሚከፈለውና ሴራሚክ ለጣፊው ከኋላው ቆሞ የሚያጣድፈው ሰው ቧንቧውን ለማጠብ ጊዜ የሚያገኘው ባለቤቱ ሲሰጠው ነው። ስለዚህ የዚያ ግማሽ ሰዓት ሥራ በውሉ ውስጥ ተለይቶ ይጻፍ፤ ከክፍያውም ጥቂቱ ሙቁ ውሃ እስኪፈተን ድረስ እንደሚቆይ ሁለቱም ወገን አስቀድመው ይስማሙ። አጻጻፉም «ሙቁ ውሃ በደንብ ይመጣል» የሚል ሳይሆን፤ ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ከእያንዳንዱ ቧንቧ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ፤ ሙቀቱም በስንት ሴኮንድ እንደሚደርስ በቍጥር የሚገልጽ ይሁን።