ካርድ አለው ብለን ልጅ አናስቀር
በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስለ አዲሱ የፖሊዮ ክትባት በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር



የቱቦውን መዋጮ ጉዳይ ገንዘብ ያዡ ያነሡታል። እኔ የምናገረው የልጅነት ልምሻ፣ ማለት ፖሊዮ ስለሚባለው በሽታና ስለ አዲሱ ጠብታ ነው።

ባለፈው ዘመቻ ከከታቢዎቹ ጋር በየቤቱ ስዞር፣ «ልጄ ተከትቧል፣ ካርዱ ይኸው፤ ደግሞ ምን መጣ?» ያሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው።

ፖሊዮ ሦስት ዓይነት ነው። በተፈጥሮ የነበረው ሁለተኛው ዓይነት ከዓለም መጥፋቱ በመስከረም 2008 ዓ.ም ተረጋገጠ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የእሱ መከላከያ ከመደበኛው ጠብታ ውስጥ በዓለም ዙሪያ እንዲወጣ ተደረገ። ታዲያ የድሮው ጠብታ የተዳከመ ይሁን እንጂ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። ልጁን ይጠብቀዋል፤ ለጥቂት ሳምንታትም ከሰገራው ጋር ይወጣል። ሁሉም ልጅ በተከተበበት ሰፈር ይህ ጉዳት የለውም። ብዙ ያልተከተቡ ልጆች ባሉበት ግን ካንዱ ወዳንዱ ሲተላለፍ ቆይቶ ጉልበቱን መልሶ ያገኝና ልጅ ሽባ ያደርጋል። እንዲህ ያለው በ2011 ዓ.ም በሶማሌ ክልል ተገኝቷል፤ ከዚያም ወዲህ በሌሎች ቦታዎች ታይቷል።

አዲሱ ጠብታ የሁለተኛው ዓይነት መከላከያ ሲሆን፣ ቫይረሱ በቀላሉ ተለውጦ ጉልበት እንዳያገኝ ተደርጎ የተሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም ለአስቸኳይ ጊዜ እንዲያገለግል ፈቀደ፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ደግሞ የብቃት ማረጋገጫ ሰጠው።

«መርፌውስ?» ትሉ ይሆናል። መርፌው ልጁን ከሽባነት ይጠብቀዋል። ቫይረሱ አንጀት ውስጥ ተራብቶ ለጎረቤት ልጅ እንዳይተርፍ በማድረግ በኩል ግን ጠብታው ይበልጣል። ስለዚህ ካርድ ያለውም ልጅ ይወስዳል።

ያመክናል የሚል ወሬም አለ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ተከትበን ያው ቤት ሙሉ ልጅ ወልደን የለም እንዴ!

«በሰፈራችን ሽባ የሆነ ልጅ መቼ አየን?» የሚልም አለ። ቫይረሱ ከያዛቸው 200 ልጆች ሽባ የሚሆነው አንድ ያህሉ ነው። የቀሩት ምንም ሳይመስሉ ለሌላው ያስተላልፋሉ። ሽባ ከሆነ በኋላ ደግሞ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ከዛለ፣ «ወድቆ ይሆናል» ተብሎ ወጌሻ ቤት አይዋል፤ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይነገር።

ዘመቻው ሲጀመር ከ5 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ሁለት ሁለት ጠብታ ያገኛል። አራስ ቤት ያለው ሕፃን ይረሳል፤ ከገጠር እንግዳ ሆኖ የመጣው ልጅም «የኛ አይደለም» ተብሎ ይቀራል፤ እነሱም ይቅረቡ። የተኛ ልጅ ይቀስቀስ። የተከተበ ልጅ ጣቱ ላይ ቀለም ስለሚደረግለት ቶሎ አይታጠብ። ውሻ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ በእነዚያ ቀናት እሰሩልን።