የጨቅላ ሕፃናት የደም ካንሰርና የመሐንዲሱ ድርሻ



ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት የሚይዘው አጣዳፊ የደም ካንሰር ብርቱ ደዌ ነው። እ.አ.አ. ከ2006 እስከ 2016 ‹ኢንተርፋንት 06› በተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ከታቀፉት 651 ሕፃናት፣ በሽታው ሳያገረሽባቸው ስድስት ዓመት የዘለቁት ከግማሽ በታች ነበሩ። በ2023 ይፋ የሆነው ሙከራ ግን ተስፋ ሰጠ። ከተለመደው ሕክምና ጋር ብሊናቱሞማብ ከተሰጣቸው 30 ሕፃናት፣ ከመቶ 82 ያህሉ ሁለት ዓመት ያለ በሽታ ዘለቁ፤ በቀድሞው ጥናት ተመሳሳይ ሕመም ከነበራቸው መካከል ይህን ያህል የዘለቁት ከመቶ 49 ነበሩ። ሙከራው አነስተኛና ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው በመሆኑ ማረጋገጫ ይሻል።

እኛን የሚመለከተው አሰጣጡ ነው። መድኃኒቱ በማቀዝቀዣ ይጠበቃል፤ በፓምፕ አማካይነትም 28 ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ በደም ሥር ይገባል። ከባሮ ዳር፣ ከኢታንግ፣ የታመመ ልጇን አዝላ የምትነሣ እናት፣ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወደሚገኘው የሕፃናት ካንሰር ክፍል ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። መንገዱ በጎርፍ ቢቆረጥ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ፓምፑን የሚጠግን ቢታጣ፣ የሐኪሙ ዕውቀት ብቻውን ልጇን አያድንላትም።

ስለዚህ መንገድ፣ የመጠባበቂያ ኃይልና የመሣሪያ ጥገና የሕክምናው አካል ናቸው። መድኃኒቱ ሲመጣ የሚቀበለውን ቤት ከወዲሁ ማሰናዳት የእኛ ፈንታ ነው።